ቅዳሜ የሚዘለለው ክኒን

«ይሄን መድኃኒት እየወሰድክ ጫትና መጠጥ እንዳትነካ!» የአእምሮ ሕክምና የሚከታተል ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ምክር ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ሰሚው ቤቱ ሲገባ ምን ያደርጋል? ስንቱ ጫቱን ሳይሆን ክኒኑን ይተዋል። በተለይ ቅዳሜ። ምርቃናው እንዳይበላሽ፣ ወይም «ሁለቱ ሆዴ ውስጥ እንዳይጣሉ» ብሎ። ሰኞ ይቀጥላል፤ አንዳንዴም አይቀጥልም።

በደፈናው ማስፈራራት አላዋጣንም ባይ ነኝ። የትኛው ከየትኛው ጋር፣ ለምን እንደማይስማማ መነገር አለበት።

ጫትን እንይ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እንዲበዛ ያደርጋል። እንደ ስኪዞፍሬንያ ላሉ የአእምሮ ሕመሞች የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ደግሞ የዶፓሚንን ሥራ ይገታሉ። ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ እንደመርገጥ ነው። ጠፍቶ የነበረው፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ፣ ሰውን መጠራጠሩ ሊመለስ ይችላል። በዚያ ላይ ጫት እንቅልፍ ይነሳል። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜቱ ከድብርት ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚዋዥቅበት ሕመም ላለበት ሰው እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ወደዚያ መነቃቃት፣ ወደ ማኒያ፣ ሊገፋው ይችላል።

ነገሩ በጫት ቢያበቃ ደግ ነበር። ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ያለውን ምሽት የሚያውቅ ቀጣዩን ያውቀዋል፦ ጨብሲ። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ፣ አረቄ። እሱም እንቅልፍ ካላመጣ ዲያዜፓም፣ ጭንቀት የሚያረጋጋውና የሚያስተኛው ክኒን። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። አልኮልና ዲያዜፓም አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽን ያዘገያሉ፤ ሊያቆሙትም ይችላሉ። ከባድ እያንኮራፋ ቢቀሰቅሱት የማይነቃ ጓደኛ «ተዉት ይተኛ፣ ይለቀዋል» አይባልም። በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት ነው።

ትራማዶልም አለ። ለሕመም የተሠራ፣ አንዳንዱ ግን ለጨዋታ የሚውጠው። ለድብርት ከሚታዘዙት ከፍሉኦክሰቲን ወይም ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ ሰውን አንቀጥቅጦ ሊጥል ይችላል። ትኩሳት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥና መቀባዠር አንድ ላይ ከመጡ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ቤት መቆየት አያስፈልግም።

እንግዲህ «ዛሬ ቅሜያለሁ፣ ማታ ክኒኔን ልውጥ ወይስ ልተው?» ለሚል ሰው መልሱ አንድ አይደለም። ጫት ቃምኩ ብሎ ሃሎፔሪዶልን መዝለል በሽታውን መጥራት ነው። አረቄ ጠጥቶ ዲያዜፓም መዋጥ ደግሞ ከሞት ጋር መቀለድ ነው። ዲያዜፓምን ለወራት በየቀኑ የወሰደ ሰውም በአንድ ቀን ቆርጦ ቢጥለው ሊያንቀጠቅጠው ስለሚችል፣ መቀነስ ያለበት በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

ይሄን ሁሉ ታካሚው የት ይጠይቅ? ሐኪሙ «ትቅማለህ?» ሲለው ቃሉን እንደሚቀበል ፖሊስ ከሆነ «ኧረ በጭራሽ!» ብሎ ይወጣል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ከሆነማ አይወራም። ፋርማሲ ሲሄድ ደግሞ መስኮቱ ጋ ከኋላው አምስት ሰው ተሰልፏል። ፋርማሲዎቻችን ለኮስሜቲክስ መደርደሪያ ቦታ አላጡም። ለሁለት ወንበርና ለአንድ መጋረጃ የሚሆን ጥግ አያጡም ብዬ አምናለሁ።