ማስተካከያ፦ አዋጁ ኦቲዝምንም ይመለከታል
ባለፈው ጅማ ውስጥ ከቡና የተበላሸ ፍሬ ስለሚለቅም ኦቲዝም ያለበት ወጣት ስጽፍ፣ «የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ እሱን አይመለከትም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። «የአካል» የሚለው የአዋጁ ስም ነው ያሳሳተኝ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። አሠሪም የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ግዴታ አለበት።

«ሥራው ከበደው» ማለቴም ልክ አልነበረም። እናቱ ደውለው፣ «ሥራውማ መች ከበደው! የቡና ማበጠሪያ ማሽኑ ጩኸት ነው እንጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥቁር ፍሬም ሆነ ነቀዝ የበላው አንድም አያመልጠውም። አሁን ከማበጠሪያው ርቆ መስኮት ሥር ይለቅማል። የእረፍት ሰዓቱም በሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፎለታል። ለዚህ ሁሉ የተደረገው የሚቀመጥበትን ዱካ ማዛወርና አንድ ወረቀት መለጠፍ ነው።