ለኮምፒዩተር ክፍሉ ጓጉንቸር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ጓጉንቸር
የኮምፒዩተር ክፍል በር ላይ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ላልተቋረጠ አገልግሎትዎ ምስጋና ማቅረብንና አንዲት ትንሽ ጥያቄን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይቲ መምህር ነኝ። እርስዎ ባያውቁኝ አልቀየምም፤ በ7 ዓመት ጉርብትናችን ፊት ለፊት የተገናኘነው ከአሥር ጊዜ አይበልጥም፣ ያን ጊዜም በመካከላችን ቢያንስ ሦስት የኮሚቴ አባላት ቆመው ነበር። እኔ ግን ከጠዋቱ ሰልፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ በዓይኔ አልለይዎትም። ርእሰ መምህራን ሲሾሙና ሲዛወሩ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲለወጥ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ሽፋን ሲቀየር እርስዎ ንቅንቅ አላሉም። ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ዝገት ከማብቀል በቀር ምንም አላጉረመረሙም፤ የደረጃ ዕድገት አልጠየቁም፤ ደመወዝ ዘገየ ብለው ሻይ ክበብ ውስጥ አላማረሩም። በዚህ ግቢ የተሰጠውን ሥራ መቶ በመቶ የፈጸመ ማን ነው ተብሎ ድምፅ ቢሰጥ እጄን የማወጣው ያለ ጥርጥር ለእርስዎ ነው።

ከጀርባዎ ያሉት 24 ኮምፒዩተሮች የመጡበትን ዕለት አስታውሳለሁ። ካርቶኖቹ ከመኪና ሲወርዱ ተማሪዎች አጨበጨቡ፤ የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ መነጽራቸውን አድርገው የእያንዳንዱን መለያ ቁጥር እያነበቡ በሞዴል 19 ገቢ አደረጉ፤ በየጎናቸው የትምህርት ቤቱ ስም በቀይ ቀለም ተጻፈ፤ ከዚያም ከገበያ አንድ አዲስ ጓጉንቸር ተገዝቶ መጣ፤ እርስዎ ማለት ነው። አብረውዎት የመጡት ቁልፎች ሦስት ነበሩ። አንደኛው ከምክትል ርእሰ መምህሩ ዘንድ ቀረ፣ ሁለተኛው ንብረት ክፍል ገባ፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ተቀመጠ። ለአይቲ መምህሩ አራተኛ ቁልፍ እንዲቀረጽለትም በቃለ ጉባኤ ተወስኗል፤ ቃለ ጉባኤው የሚገኘው ግን ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ነው።

በዚህ ምክንያት ትምህርቱን የምሰጠው በጠመኔ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰሌዳው ላይ ኪቦርድ ለመሣል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን በ6 ደቂቃ እጨርሰዋለሁ፣ ያችን ረጅሟን የ«ስፔስ» ቁልፍ እንኳ ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርጌ እሠራታለሁ። ተማሪዎቼ ከካርቶን ቆርጠው፣ አስምረው፣ ፊደላቱን በእስክሪብቶ ጽፈው የሠሯቸው የየራሳቸው ኪቦርድ አላቸው። «ጣቶቻችሁን ኤፍ እና ጄ ላይ አሳርፉ» ስላቸው ስልሳ ምናምን ልጅ በአንድ ጊዜ ካርቶኑን ይነካካል፤ ድምፁ የሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላል። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የእውነቱን ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይገባል?» አለችኝ። ይገባል፣ ከዚያም ተመልሶ ይወጣል አልኳት። ካርቶኗን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ገባ፣ አልወጣም። «ኢንተር» የምትለዋ ቁልፍ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጎድጉዳ ቀረች።

በፈተና ግን አንታማም። ማውስ ነክተው የማያውቁ ልጆች ማውስ የኢንፑት መሣሪያ መሆኑን፣ ሞኒተር ደግሞ አለመሆኑን በእንቅልፍ ልባቸው ይነግሩዎታል። ስለ ማውስ ካነሣን አይቀር፣ ከጀርባዎ ያሉት 24ቱም ማውሶች ከነላስቲካቸው ሲሆኑ፣ በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ንብረት መውጫ ቅጽ፣ እየገቡና እየወጡ የኔትወርክ ገመድ የሚቆረጥሙ የእውነት አይጦች መኖራቸውን ክቡርነትዎ ሊያውቁት ይገባል። ከትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ መካከል በቴክኖሎጂው በቋሚነት የሚጠቀሙት እነሱ ብቻ ናቸው።

የሚከፈቱበት ቀን የለም ብል ግን ሐሰት ይሆንብኛል። ከወረዳ ወይም ከዞን ሱፐርቪዥን ሲመጣ ዋዜማውን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ አቧራው ይጠረጋል፣ የፕላስቲክ አበባ በየሞኒተሩ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ጊዜማ ቄጠማ ተጎዝጉዞ አይቻለሁ። ከ24ቱ የሚነሡት 9 ናቸው። እነሱም ሲነሡ ዕለቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 መሆኑን ያበስራሉ፤ ውስጣቸው ያለችው ክብ ባትሪ አልቃ ነው እንጂ መዋሸት ለምዶባቸው አይደለም፣ ደግሞስ ለእነሱ ጊዜው መች ሄደ? ንጹሕ ዩኒፎርም ያላቸው ተማሪዎች ተመርጠው ይቀመጡና እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አድርገው ፎቶ ይነሣሉ፤ «እንዳትጫኑ» የሚለው መመሪያ አስቀድሞ ተሰጥቷቸዋል። እንግዶቹ «የአይሲቲ ማዕከሉ ለተማሪዎች አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል» ብለው ከፈረሙ በኋላ፣ የመኪናቸው አቧራ ሳይሰክን፣ «ቀጭ» የምትለዋን ድምፅዎን እንሰማለን።

ዘመዶችዎንም አውቃቸዋለሁ። የትምህርት ማስተላለፊያው ፕላዝማ ቴሌቪዥን በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበርኩ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ግን ከፊት ለፊታችን በብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ጠበቀን፤ ሳጥኑ ላይ የተንጠለጠለው የእርስዎ አጎት መሆን አለበት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍልን ነበር። የፕላዝማዋ መምህርት በእንግሊዝኛ ትናገር ትናገርና፣ «አሁን ይህን ሥሩ» ብላ ለጥቂት ሰከንድ ፈገግ ትላለች፤ እኛ ጥያቄውን ደብተራችን ላይ ገልብጠን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ!» ብላ ታመሰግነናለች። ምን ሠርተን እንደተመሰገንን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የክፍሉ መምህር ደግሞ ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ የተረፈችለትን ጥቂት ደቂቃ ይዞ ጥግ ላይ እንደ እንግዳ ይቆማል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ እኛን ሳይጠብቅ ከላያችን ያልፋል፤ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ስለ ሳተላይት መነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው። ያም ሆኖ ለአጎትዎ አንድ ምስጋና አልነፍገውም፤ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ይከፈት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ በእርስዎ ብቻ ላላክክ አልፈልግም፤ እርስዎ ብረት ነዎት፣ ቁልፍ የሚያዞረው ሰው ነው። አንድ ቀን የንብረት ክፍሏን ወይዘሮ ሻይ ጋብዤ፣ እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ለምን አይከፍቱልኝም አልኳቸው። ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀረው። ከእነዚያ ውስጥ አንዷ ሽቦ ብትጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እዚያው ተቀምጠው ቢያረጁ ግን ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ንብረት ሲቆጠር አብሬያቸው ስለምቆም ቅጹን አውቀዋለሁ፤ ያለ፣ የጎደለ፣ የተበላሸ የሚሉ ዓምዶች አሉት፤ ስንት ልጅ ተጠቀመበት የሚል ዓምድ ግን የለውም። ንብረት የጠፋበት ሰው ከደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ንብረቱን ቆልፎ ላስረጀ ሰው ግን የማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋምለታል። እንዲህ ባለ ሂሳብ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እቆልፋለሁ፤ እንዲያውም ሁለተኛ ጓጉንቸር እጨምር ነበር። እሳቸው ሞኝ አይደሉም፣ ክፉም አይደሉም፤ ቅጹን በትክክል ያነበቡ ሴት ናቸው።

የሚያስቀኝ፣ ከእርስዎ በላይ በበሩ መቃን ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው፤ «የነገው ዲጂታል ዜጋ ከዚህ ይወጣል» ይላል። ለመውጣት አስቀድሞ መግባት እንደሚያስፈልግ የጻፈው ሰው ሳይዘነጋው አልቀረም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት ኮዲንግ የማስተማሩ መርሐ ግብር ሲበሠር፣ ተማሪዎቼ የት እንመዝገብ ብለው ከበቡኝ። ጥቂቶቹ በእናታቸው ስልክ ጀመሩት፤ በደንባችን መሠረት ግን ስልክ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ አንደኛው ትምህርቱ ግማሽ ላይ ሳለ ተያዘና ስልኩ ምክትል ርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። ያ መሳቢያ ላይ ያለውን ታናሽ ወንድምዎን ሰላም ይበሉልኝ። ልጁ ወላጅ ይዞ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ እናቱ ስልክ ደውለን እንዳንጠራቸው ስልካቸው እኛው ዘንድ ነበር።

በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፊሎቹ በኢንተርኔት ተሰጠ፤ ቀደም ሲል የ2012ቱን ፈተና በታብሌት ለመስጠት ታስቦ ሳይሳካ ቀርቶ፣ በ2013 በወረቀት መሰጠቱን ያስታውሱ ይሆናል። ከፈተና የተመለሰ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ፣ ፊዚክሱ አልከበደኝም ቲቸር፣ የከበደኝ የይለፍ ቃሉ ነው አለኝ። ትልቁን ፊደል ለመጻፍ «ሺፍት»ን ተጭኖ መያዝ እንደሚያስፈልግ በቃሉ ያውቃል፤ አስተምሬዋለሁ፣ ጽፎ አምስት ከአምስት አግኝቶበታል። በካርቶን ሲለማመድ ግን አንዱን ቁልፍ ይዞ ሌላውን መምታት ልዩነት አልነበረውም፤ ስለዚህ ተራ በተራ መታቸው፣ ደጋግሞም መታቸው፣ እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለች ትንሽ ፊደል ብቻ ወጣችለት። ፈታኙ መጥተው እጁን ይዘው አሳዩት። የ18 ዓመት ጎረምሳ ነው።

ከአጥራችን ማዶ «ኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ የተሰቀለባት አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ባለቤቱ ከእኛው ትምህርት ቤት ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ነው፣ በካርቶን ኪቦርድ ያስተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው የተመለሱ የክፍል ጓደኞቹ ሥራ ለማመልከት ሲቪያቸውን የሚያስጽፉት በእሱ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ መሠረታዊ የኮምፒዩተር ችሎታ ይጠይቃልና፣ «የኮምፒዩተር ችሎታ፦ በጣም ጥሩ» የምትለዋን መስመር የሚጽፍላቸው እሱ ነው፤ እነሱ ከኋላው ቆመው በጣታቸው ስክሪኑን እያመለከቱ «እዚህ ጋ አስተካክልልኝ» ይሉታል። ኪቦርዱን አንድ ቀን ቀረብ ብዬ አየሁት። ኤ፣ ኢ እና ኤን የሚሉት ፊደላት ከመነካት ብዛት ጠፍተው ቁልፎቹ ባዶ ሆነዋል። የእኛዎቹ፣ ለክቡርነትዎ ምስጋና ይግባና፣ ፊደላቸው እንዳለ ነው፤ ከ24ቱ በአንዱም ላይ ጭረት የለም።

ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ሥራዎን ይልቀቁ አልልም፤ ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትም ቢሆን ቦታዎ የተከበረ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ብቻ ከማጠፊያው ላይ ወርደው ኪሴ ውስጥ ቢያርፉልኝ፣ የሚጠፋ ነገር ቢኖር በስሜ በሞዴል 22 ፈርሜ ልወስድ ዝግጁ ነኝ። አንድ ማውስ ቢሰበር እተካለሁ፤ እንዲያውም በዓመት ሦስት አራት ማውስ ቢሰበርልኝ ደስታውን አልችለውም። ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ እንዲጨመርበትም ለሚመለከተው ክፍል በግልባጭ አሳውቄያለሁ፤ ምላሹን ኮምፒዩተሮቹ በሚያምኑበት አቆጣጠር ከሆነ ገና ወደፊት እጠብቃለሁ።

ይህ ደብዳቤ በእጄ የተጻፈ ሲሆን የተየበልኝ ከአጥር ማዶ ያለው ልጅ ነው። «ጓጉንቸር» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጣቶቹን ከኪቦርዱ ሳያነሣ ዞር አለና፣ «ቲቸር፣ አሁንም አልተከፈተም እንዴ?» አለኝ። ሦስት የፊደል ግድፈት አርሞልኛል። የጽሕፈቱን ሂሳብ ልከፍለው ብል አልቀበል አለኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
የአይቲ መምህሩ