ላይ ላዩ ኮልናጎ፣ ውስጡ ለቄስ

ከዛሬ ጀምሮ «ኦርጅናል ነው» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ኪሴን ይዤ ነው የምሮጠው። ሰሞኑን ደሜን ያፈላው ነገር ብስክሌት ነው። ሙሉ ብስክሌት እንኳን አይደለም፤ ባዶ ፍሬም። ጎማ የለው፣ ኮርቻ የለው፣ ፍሬን የለው። ሳቁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን አንብቡልኝ።

የምኖረው ሚላን ነው። አባቴ ጎረምሳ ሳለ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነበረችው። ኢትዮጵያ በ1956 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሜልቦርን መውረዳቸውን ሲያወራ አይጠግብም። እኔም እዚህ ከመጣሁ ወዲህ አንድ አምሮት ነበረኝ። የድሮ፣ የብረት፣ እውነተኛ ኮልናጎ።

ለማታውቁት፣ ኤርኔስቶ ኮልናጎ ከሚላን ወጣ ብላ ባለችው ካምቢያጎ በ1950ዎቹ በትንሽ የብስክሌት ወርክሾፕ የጀመረ ሰው ነው። ቤልጅጋዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሄዶ ክብረ ወሰን የሰበረው በእሱ ብስክሌት ነው። ጣሊያናዊው ጁዜፔ ሳሮኒ በ1982 እንግሊዝ አገር ጉድውድ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆንም ኮልናጎ ላይ ነበር። አንድ ደማቅ ቀይ እስከዛሬ በስሙ «ሮሶ ሳሮኒ» (የሳሮኒ ቀይ) ይባላል። ይህን ቀይ ያዙልኝ፤ ጉዱ ያለው እሱ ሥር ነው።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፤ «ኮልናጎ። ኮሎምቡስ ኤስኤልኤክስ ቱቦ። ሮሶ ሳሮኒ። ኦርጅናል። እንደ አዲስ። 600 ዩሮ።» (ኮሎምቡስ የጣሊያን የብስክሌት ቱቦ አምራች ነው፤ ኤስኤልኤክስ ደግሞ ከምርጥ ቱቦዎቹ አንዱ።) ልቤ ቀጥ አለ። ቅዳሜን መጠበቅ አቃተኝ።

ሰውየው ሽማግሌ ናቸው። ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ቡና ካልጠጣህ ብለው የሚለምኑ ዓይነት። ፍሬሙ ጋራዣቸው ውስጥ እንደ ሥጋ ቤት ብልት ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ያበራል! ፊቴን አየሁበት። የኮልናጎ ዓርማ፣ በመጫወቻ ካርታ ላይ የምናውቃት ባለ ሦስት ቅጠል ምልክት በየቦታው አለች። የኮሎምቡስ ዓርማ የሆነችው እርግብም በቦታዋ አለች። ብልጥ ነኝ ብዬ ስቲከሩን በጥፍሬ ሞከርኩት። ከቫርኒሹ ሥር ስለነበር አልተነሳም። ይሄኔ «በቃ ኦርጅናል ነው» አልኩ። ቫርኒሹን ባለፈው ወር የቀባ ሰውም ስቲከሩን ከሥር መለጠፍ እንደሚችል ያኔ አልታየኝም። ማሰብ አቁሜያለሁ እኮ፤ ቀዩን ነው የማየው።

«የኮርቻውን ዘንግ ላውጣውና ልየው?» አልኳቸው።

«ቀለሙ ይጫራል» አሉኝ።

እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ከፈልኩ፣ ተሸክሜ በባቡር ገባሁ፣ ሳሎን አቆምኩት።

እሑድ አንድ ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ። ብዙ ዘመን እዚህ የኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የተጋጨ መኪና ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጃኬታቸውን እንኳን ሳያወልቁ ፍሬሙን ዞር ዞር ብለው አዩት። ስቲከሩን አላዩትም። ቀጥ ብለው ወደ ፍሪጁ ሄዱና የላሊበላ ሥዕል ያለባትን ማግኔቴን ነቀሏት። ከኮርቻው በኩል ጀምረው በላይኛው ቱቦ ላይ ያስኬዷት ጀመር። ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ፤ ትይዛለች። መሪው አካባቢ ሲደርሱ ለቀቋት። ላሊበላ ወለሉ ላይ ወደቀች።

«ስቱኮ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ ቡናቸውን ጠየቁኝ።

አስቡት እንግዲህ። አገሬ ላይ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ማግኔት ይዞ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ የተጨማደደው ብረት የተሞላበት ስቱኮ ማግኔት አይዝማ። እኔ ራሴ ለአጎቴ ይዤ ሄጄ አውቃለሁ! ፈረንጅ አገር ስመጣ ግን ስቱኮ የማይኖር መሰለኝ።

ከዚያ በኋላማ አልተኛሁም። ቀለም ማስለቀቂያ ገዛሁና ማግኔቷ የወደቀችበት ቦታ ላይ ቀባሁት። ቀዩ ተኮማትሮ ተነሳ። ሥሩ ግራጫ ስቱኮ። እሱን ስፍቀው ብረቱ ብቅ አለ፤ ጣቴን ሳሳልፍበት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ አለው። የታችኛው ቱቦም እዚያው ጋ እንደዚሁ። ይህ ማለት ብስክሌቱ በአፍንጫው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል። ግጭት የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ ልክ ከመሪው አንገት ኋላ ነው የሚያጨማድደው። ብረቱ አንዴ እዚያ ከታጠፈ ቁልቁለት ላይ የሚያምነው ሞኝ ብቻ ነው።

እሺ፣ ተጋጭቷል። ቢያንስ ኮልናጎ ይሁን አልኩ። የኮርቻውን ዘንግ አወጣሁት። (ቀለሙ ተጫረ፤ ይጫር!) ዘንጉ ላይ የተጻፈው 26.4 ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ። የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት የኤስኤልኤክስ ቱቦ በውጭ በኩል 28.6 ሚሊሜትር ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ 27.2 ዘንግ ይገባበታል። ግድግዳው ሲወፍር ቀዳዳው ይጠባል። 26.4 ማለት ወፍራም ግድግዳ፣ ከባድ ብረት፣ ርካሽ ቱቦ ማለት ነው። ስቲከሩ የሚለው ሌላ፣ ቀዳዳው የሚለው ሌላ። ስቲከር ደግሞ ለብቻው ይሸጣል። ሙሉ ስብስቡን፣ እርግብ ከነክንፏ፣ በጥቂት ዩሮ ታገኛላችሁ። ቀዳዳ ግን አይለጠፍም።

ፔዳሉ የሚዞርበትን ወፍራም ቱቦም ለካሁ። የጣሊያን ልክ 70 ሚሊሜትር ነው፣ ጥርሱም በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ይጠብቃል። የእኔው 68፣ በቀኝ በኩል ያለው ጥርስ ወደ ግራ የሚጠብቅ፣ የእንግሊዝ ልክ። ይሄ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ወደ ውጭ ሊሸጡ በእንግሊዝ ልክ የተሠሩ የጣሊያን ፍሬሞች ሞልተዋል። ግን ቱቦው ክፍት ስለነበር የስልኬን መብራት ወደ ውስጥ አበራሁ። ኤስኤልኤክስ ከዚያ ጫፍ በኩል ውስጡ አምስት ጠመዝማዛ መስመሮች አሉት፤ ቱቦውን ለማጠንከር የተደረጉ። አየሁ። አጎንብሼ ደግሜ አየሁ። ልሙጥ! እንደ ውኃ ቧንቧ ልሙጥ።

«ቁጥሩን አላየህም እንዴ?» የምትሉኝ አላችሁ። ብዙ የድሮ የጣሊያን ፍሬም ቁጥር የሚባል ነገር የለውም። ስላለው ኦርጅናል፣ ስለሌለው ፎርጅድ አይሆንም።

እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ፎርጅድ መሆኑ አይደለም። ቀለሙ ነው። የጥሩ ፍሬም ሙያ የሚታየው ቱቦ ከቱቦ የሚሰካባቸው መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ጥሩ ሠራተኛ ጠርዛቸውን በሞረድ እስኪስል ይሞርደዋል። በዚያ ዘመን ብዙ ኮልናጎዎች ላይ ደግሞ ያቺ ባለ ሦስት ቅጠል ብረቱ ላይ ተቆርጣ ትገኛለች። የእኔው ላይ ቀለሙ ገንፎ የፈሰሰበት ይመስላል። ጠርዝ የለ፣ ስፌት የለ፣ ሁሉም ድቡልቡል። እኔ ደግሞ ይሄን «እንዴት ያለ ንጹሕ አጨራረስ!» ብዬ ነው ያደነቅኩት።

አርባ ዓመት የሞላው ብረት እንዴት «እንደ አዲስ» ይሆናል? ሰው እንኳን በአርባው ጉልበቱ ይጮኻል! የተጫረ፣ ካቴናው የፋቀው፣ ክሮሙ ጭራው አካባቢ የነቆረ ፍሬም ብታገኙ እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ምን እንደደረሰበት ይናገራል። ቱስካኒ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ «ኤሮይካ» የሚባል ጉዞ አለ። ከ1987 በፊት የተሠራ ብስክሌት ይዛችሁ በአቧራ መንገድ ትሄዳላችሁ። ደስ ይላል፣ አልጠላሁም። ግን የድሮ ብረት ተፈላጊ በሆነ ቁጥር ቧንቧ ቀብቶ «ታሪክ ነው» የሚለውም ይበዛል።

ሽማግሌውን ደወልኩላቸው። አልተቆጡም። «እኔም እንዲህ ተብዬ ነው የገዛሁት» አሉኝ። ከዚያ ስለ አየሩ አወሩኝ። ምን ትላለህ? በአባት ዕድሜ ያለ ሰው ላይ አትጮኽም። ስልኩን ዘግቼ ትራሱ ላይ ጮኽኩ።

ትናንት ማታ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ አየሁ። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሻጭ። ያው ቀይ። «ኦርጅናል፣ እንደ አዲስ።» የኮርቻው ዘንግ ስንት ሚሊሜትር ነው ብዬ ጻፍኩለት። ብቻ ይሄን። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ፎቶ ነው። ስቲከሩን፣ ከበፊቱ ቀረብ ብሎ ያነሳው።