ድመት ሲመነኩስ ዓመሉን ይረሳል

የጎጃም ገበሬ ስለ ወንድ እንስሳ ጠባይ ከማንም ትምህርት አይሻም። ኮርማ መቼና ለምን እንደሚቀጠቀጥ ከአባቱ ተምሯል። ያልተቀጠቀጠው አጥር ሲጥስ፣ ከጎረቤት ኮርማ ጋር ቀንድ ለቀንድ ሲማታ፣ ላም በሸተተው ቁጥር ሥራ ሲያስፈታ አይቷል። ወጠጤው ለምን እንደሚከረፋ፣ ሙክቱ ለምን እንደሚሰባም ያውቃል። በአዊ ያለው ፈረስ አርቢ ደግሞ ድንጉላን ከባዝራ አጠገብ ማሰር ምን እንደሚያመጣ ሳይነገረው ይገነዘባል። ይህ ሁሉ እውቀት ግን ደጃፍ ላይ ያበቃል። ቤት ውስጥ፣ ጎታው ሥር የተኛው ወንድ ድመት ከስሌቱ ውጭ ነው።

ድመቱ ምሰሶው ላይ ሲረጭ ባለጌ ይባላል። ሳምንት ጠፍቶ ጆሮው ተተልትሎ ሲመለስ ከርታታ ይባላል። ሌሊት ጣሪያ ላይ ሲጮህ ለሟርት የሚቆጥረው ሰው አለ። ትዕግሥት ሲያልቅ በማዳበሪያ ከረጢት ይታሰርና ገበያ በሚወርድ ሰው ትከሻ ወይም በጭነት መኪና ላይ ተጉዞ፣ ወንዝ ተሻግሮ ይለቀቃል። ይህን ልማድ የምቃወመው ለድመቱ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ምንም ስለማይፈይድ ነው። የሚፈይደው ለበሬው የምናደርገውን ለድመቱም ማድረግ ነው፤ ማኮላሸት።

አገሩ በዚህ ጭንቅ ላይ እያለ የድመት ነገር ምን ይረባል የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። እህል ግን በክፉ ቀን ይበልጥ ይጠበቃል እንጂ አይናቅም። የቢቸናና የእነማይ ጤፍ፣ የቡሬና የወምበርማ በቆሎ ከአውድማ ተነሥቶ ጎተራና ጎታ ሲገባ አይጥም አብሮ ይገባል። ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እህል ተከማቸ፣ አይጥ በዛ፣ የአፍሪካ የዱር ድመት የሚባለው አዳኝ አይጡን ተከትሎ ወደ ሰው ሰፈር ተጠጋ። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ የቆጵሮስ ቁፋሮ 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው እንደተገኙ አሳይቷል። የዚያ የዱር ድመት ዘመዶች ዛሬም በኢትዮጵያ ጫካና ሜዳ ላይ አሉ። ስለዚህ ስለ ድመት መጻፍ ስለ ጎታ መጻፍ ነው።

ወንዱ ግልገል ስድስት ወር አካባቢ ሲሞላው፣ አንዳንዱም ዘግየት ብሎ፣ የዘር ፍሬው ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ማመንጨት ይጀምራል። ጉንጩ ያብጣል፣ አንገቱ ይደነድናል፣ የአንገቱ ቆዳም ይወፍራል። ድመቶች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚያነጣጥሩት አንገትና ፊት ላይ ስለሆነ ይህ ውፍረት ጋሻ ነው። የጠባይ ለውጡም ከአካሉ ለውጥ ጋር አብሮ ይመጣል።

ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚያማርረው መርጨቱ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መሽናትና መርጨት ለየቅል ናቸው። ድመት ሲሸና አፈር ይጭራል፣ ይቀመጣል፣ ይቀብራል። ሲረጭ ግን ጀርባውን ለምሶሶው ወይም ለግድግዳው ሰጥቶ ይቆማል፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያንቀጠቅጣል፣ ሽንቱን ወደ ኋላ ይለቃል። ሽንቱ የሚያርፈው መሬት ላይ ሳይሆን ሌላ ድመት ሲያልፍ አፍንጫው በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ክርፋቱ የሚመጣው ፌሊኒን ከሚባል፣ ድኝ ካለበት ንጥረ ነገር ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ከሴቷም ከተኮላሸውም እጅግ የበለጠ ፌሊኒን በሽንቱ ያወጣል፤ ንጥረ ነገሩ ከሰውነት ከወጣ በኋላ እየፈረሰ ሲሄድ ሽታው ይብሳል። ለዚህ ነው ጠዋት የተረጨው ማታ የባሰ የሚሸተው። ሰውነቱ ፌሊኒንን የሚሠራው ከሥጋ ከሚያገኘው ፕሮቲን ስለሆነ ብርቱ ሽታ የጥሩ አዳኝ ምልክት ሊሆን ይችላል ብለው የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። እንዲያ ከሆነ የምንደበድበው አንድም ጎበዝ አይጥ ያዥ ስለሆነ ነው!

ሌላው ድመት ይህን ሲያሸት አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ፊቱን አኮማትሮ ለአፍታ ይደነዝዛል። ሰው ሲያየው የተጸየፈ ይመስለዋል። ከላንቃው በላይ ባለ ልዩ የማሽተቻ አካል ማን እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ እየመረመረ ነው። ኮርማ ከላም በስተኋላ ቆሞ፣ ድንጉላም ባዝራን አሽትቶ ከንፈሩን ወደ ላይ የሚገለብጠው ለዚሁ ነው።

ወደ መጥፋቱ እንሂድ። የሴት ድመት ክልል የሚወሰነው በምግብ ነው፤ አይጥና ፍርፋሪ በሞላበት ቤት ከቤቷ ብዙም አትርቅም። የወንዱን ክልል የሚወስኑት ሴቶቹ ናቸው። ስለዚህ የእርሱ ክልል ከእርሷ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት የጎጃም ገጠር ይህ ማለት ማሳ ማቋረጥ፣ ውሻ ማምለጥ፣ የሌላውን አውራ ደጅ መርገጥ ነው። በአውሮፓ ቀኑ ሲያጥር ሴቶቹ ለወራት ስለሚያርፉ ወንዱም ፋታ ያገኛል። በእኛ ዘንድ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ስለማይሞላ ፋታ የለም። ክረምት ከበጋ ድመቱ ዘማች ነው። ክሶ፣ ቆስሎ፣ ከቆዳው ሥር መግል ቋጥሮ ይመለሳል። የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ቀዳዳው ቶሎ ይደፈናል፤ ጀርሙ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የተገኘውና የድመትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክመው ቫይረስም በዋናነት የሚተላለፈው በዚሁ ንክሻ ነው። ቫይረሱ ወደ ሰው አይመጣም። ወደ ሰው የሚመጣው ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጣል። ድመቱ ሲያቃስት ሰው አዝኖ ከራሱ መድኃኒት ፓራሲታሞል ቆርሶ ይሰጠዋል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የማጣራት አቅም የለውም፤ አንድ እንክብል ሊገድለው ይችላል።

ሌሊት የሚሰማው ጩኸትም ሟርት አይደለም። ሴት ድመት እንቁላል የምትለቀው እንደ ብዙዎቹ እንስሳት በራሱ ጊዜ ሳይሆን ግንኙነቱ ራሱ ሲቀሰቅሳት ነው። በወንዱ ብልት ላይ ወደ ኋላ ያዘነበሉ፣ እሾህ መሰል ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ሲለያዩ የምትጮኸውና ዞራ የምትቧጥጠው በእነርሱ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ግንኙነት ስለማይበቃ ይደጋገማል፣ ሌሎች ወንዶችም ይመጣሉ። ከሁለት ወር ጥቂት ቀን በኋላ የምትወልዳቸው ግልገሎች ከተለያዩ አባቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ዳለቻ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ዥጉርጉር ሆኖ ቢገኝ ከዚህም ሊመጣ ይችላል። ይህ ለእናቲቱ ይጠቅማታል፤ እንግዳ አውራ የራሱ ያልሆኑ ግልገሎችን አንዳንዴ ስለሚገድል አባትነቱን ማደናገር ይበጃታል። እናት ድመት ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ከጎታ ሥር ወደ ቆጥ፣ ከቆጥ ወደ ጎረቤት የምታዞረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ከረጢቱ። አውራ ድመት ከሰፈር ሲወጣ ቦታው ባዶ አይቀርም። ሴቶቹ እዚያው ናቸው፣ አይጡም እዚያው ነው፤ የጎረቤት ቀበሌ ወንድ ይገባል፣ የቀድሞውን ሽታ ለመሸፈን ምሰሶውን ደግሞ ይረጫል። ባለቤቱ የሚያውቀውን ባለጌ በማያውቀው ባለጌ ለወጠ ማለት ነው። የተጣለውም ቢሆን ወይ መንገዱን ፈልጎ ይመለሳል፣ ወይ በማያውቀው አገር በውሻና በሌላ አውራ ይበላል።

ሌላም የተለመደ ስሌት አለ፤ ወንድ ይሻላል፣ አይወልድም ይባላል። ሰው ግልገል ሲለምን ወንድ መርጦ ይወስዳል። (በነገራችን ላይ ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም አንድ ላይ ያለበት ግልገል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሴት ናት። ጥቁርን ወደ ብርቱካንማ የሚለውጠው ዘረመል ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ ሁለቱን ቀለም አንድ ላይ ለመያዝ ሁለት ኤክስ ያስፈልጋል። ወንድ ነው ብሎ የሰጠህን ሰው በዚህ ታርመዋለህ።) እውነት ነው፣ ወንዱ በቤትህ አይወልድም። በጎረቤትህ ቤት ግን ያስወልዳል። ከዚያ የሚመጣው ትርፍ ግልገል መንገድ ላይ ሲጣል የጋራ ችግር ይሆናል።

የአገራችን ሰው "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ይላል። ለሴቷ እውነት ይሁን አይሁን አልከራከርም፤ ለወንዱ ግን ተረቱ ተሸንፏል። ከተኮላሹ ወንድ ድመቶች ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ መርጨት ያቆማሉ ወይም እጅግ ይቀንሳሉ፤ መዞሩና መጣላቱም በብዙዎቹ ላይ ይቀንሳል። አንዱ በቀናት፣ ሌላው በወራት ይለወጣል። ያ እሾህ መሰል ነገር እንኳ ሆርሞኑ ሲጠፋ በሳምንታት ውስጥ ይከስማል። የማይረሳው ዓመል አደኑ ነው። አይጥ መያዝ ከቴስቶስትሮን የሚመጣ ጠባይ አይደለም፤ የተኮላሸውም ይይዛል። ካልራበ አያድንም ብሎ ማስራብም ስህተት ነው፤ የጠገበ ድመት ምግቡን ትቶ አይጥ ሲያሳድድ ታይቷል። ብቻ እንደ ሙክት መስባት ስለሚወድ ምግቡ ይመጠንለት።

በበሬ የምናውቀውን ዘዴ ግን ድመት ላይ እንዳንሞክር። መቀጥቀጥ ለድመት አይሆንም፤ ስቃይ ነው፣ ሊገድለውም ይችላል። በሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ፣ ቆዳው ተከፍቶ የዘር ፍሬው ይወጣል። ለሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ስፌት እንኳ አይፈልግም። ፍጥረትን መቃወም ነው የሚለኝ ካለ፣ በጥማድ በሬ ያረሰውን ጤፍ እየበላ መሆኑን አስታውሰዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ማጋነን አልፈልግም። ወንዱን ማኮላሸት የሰፈሩን ግልገል ቁጥር ብዙም አይቀንስም፤ አንድ አውራ ከቀረ ለብዙ ሴቶች ይበቃል። ቁጥሩን ለመቀነስ ሴቷ መታከም አለባት፤ እርሱ ደግሞ ሆድ የሚከፈትበት ከበድ ያለ ቀዶ ሕክምና ነው። ወንዱን ማኮላሸት የሚጠቅመው ለቤቱ ሰላምና ለድመቱ ዕድሜ ነው። ለሰው ጤናም ይጠቅማል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን በዋናነት በውሻ ቢተላለፍም በድመት ንክሻም ይተላለፋል፤ ሌሊት ሙሉ ሲጣላና ከውሻ ጋር ሲጋፈጥ የሚያድር ድመት ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ድመቱን አባርሮ በምትኩ የአይጥ መርዝ የሚገዛ ሰውም የሚገባበትን ይወቅ። በገበያ ያለው ዚንክ ፎስፋይድ ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ይህ የሚሆነው በአይጡ ሆድ ብቻ አይደለም፤ ዶሮም፣ ውሻም፣ ሕፃንም ቢቀምሰው ያው ነው። ሕፃናትና ጥሬ እህል ባለበት ቤት እኔ ድመቱን እመርጣለሁ።

የወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች ዋና ሥራ ከብት፣ በግና ፍየል፣ ጋማ ከብት እንደሆነ አይጠፋኝም። ድመት ይዞ የሚመጣ ሰው እንደሚሳቅበትም አውቃለሁ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አውድማው ተጠናቆ እህሉ ጎታ በሚገባበት በጥር ወር፣ መንገድና ሰላም በፈቀደበት ወረዳ ሁሉ፣ አንድ የገበያ ቀን ለውሻና ለድመት ይሰጥ። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲወስድ ድመቱም ይከተብ፤ ወንዱም በዚያው ቀን ይኮላሽ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ወረዳ ሲወጡ በመምህር ሥር ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ክፍያው ደግሞ የአንድ ዶሮ ዋጋ እንዳይደርስ ተደርጎ ይተመን፤ አለዚያ ማንም አያመጣም።