ኮምፒውተር አጥፉ ከማለታችን በፊት ጓሮውን እንይ

የምሠራበት መሥሪያ ቤት በየፎቁ በር ላይ «ከቢሮ ሲወጡ ኮምፒውተርዎን ያጥፉ፣ አካባቢዎን ይጠብቁ» የሚል ወረቀት ለጥፏል፣ በከለር የታተመ፣ ጥጉ ላይ ቅጠል ያለው፣ ላሚኔት የተደረገ። አካባቢ ጠብቁ የሚለው ወረቀት ፕላስቲክ መልበሱ እስካሁን ያስቀኛል። ለማንኛውም እኔ አይቲ ክፍል ስለሆንኩ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ልይ ብዬ አንድ አርብ ከ12 ሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅን ዞርኩት፣ ከ38 ኮምፒውተር 31ዱ አልጠፋም። ስክሪኑ ጨልሟል እንጂ ሲፒዩው (ሳጥኑን ሁላችንም ሲፒዩ ነው የምንለው፣ ምን ይደረግ) ፋኑ ይዞራል፣ እጃችሁን ስታስጠጉ ይሞቃል። አንዱ ጠረጴዛ ላይማ ዓሣዎች ይዋኛሉ፣ ስክሪን ሴቨር መሆኑ ነው። የጠረጴዛውን ባለቤት ሰኞ ስጠይቀው «ሴቨር አይደል እንዴ፣ ይቆጥባል» አለኝ፣ ከልቡ። ስክሪን ሴቨር እኮ የመጣው ያ ድሮ የነበረው ሆዳሙ ሞኒተር አንድ ምስል ብዙ ሰዓት ሲቆይበት ስክሪኑ ላይ ጠባሳ ስለሚቀር እሱን ለማዳን ነው፣ የመብራት ነገር የለበትም፣ ዛሬ ዓሣ ማዋኘት ስክሪኑ እንዳይተኛ ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም።

ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ ነበረኝና ለካሁ። ያለ ሥራ የተቀመጠው ዴስክቶፕ ስክሪኑን ሳይጨምር 50 ዋት ገደማ ይበላል። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው፣ እኛ ሥራ ላይ የምንሆነው 45ቱን ነው፣ የቀረው 123 ሰዓት ወንበሩ ባዶ ነው፣ በ31 ኮምፒውተርና በ52 ሳምንት ብታባዙት ወደ 10 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። መብራት የጠፋባቸውን ሌሊቶች አልቀነስኩም፣ ግን ደግሞ ይሄ የአንድ ፎቅ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ትክክል ነው ማለት ነው። እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነበር ያሰብኩት፣ ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ ነው ብዬ። ከዛ ለምን አታጠፉም እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ፣ ፋይናንስ ያሉት እትዬ ሳቁብኝ። «ወንድምዓለም፣ እሱን ካጠፋሁት ጠዋት ተነስቶ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ ነው) እስኪከፍትልኝ ቡናዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ አለቃ ደግሞ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሪፖርት ሪፖርት ይላል።» በሰዓት ያዝኩት፣ 11 ደቂቃ። ውስጡ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፣ አንቲቫይረሱ ደግሞ ገና ሲነሳ ልፈትሽ ብሎ ላዩ ላይ ይሰፍራል። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገባን፣ ራሙን (የሥራ ማህደረ ትውስታውን) ከ4 ወደ 8 ጊጋ ከፍ አደረግነው፣ አሁን ከአንድ ደቂቃ በታች ይነሳል፣ እትዬም ማታ ማታ ማንም ሳይነግራቸው ያጠፋሉ። የሚረሳውን ሰው ደግሞ ከሰርቨር (ሌሎቹን ከሚያገለግለው ዋና ኮምፒውተር) ላይ በአንድ ፖሊሲ «20 ደቂቃ ካልተነካ ይተኛ» ብሎ ማዘዝ ነው፣ ኮምፒውተሩ ተኝቶ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው፣ ለዚህ ወረቀት መለጠፍ አያስፈልግም ነበር።

ግን እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነገር ነው። «አካባቢዎን ይጠብቁ» የሚለው ነገር ከየት እንደተገለበጠ ያስታውቃል፣ መብራታቸው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ከሚመጣላቸው አገሮች ነው፣ እነሱ ጋ ኮምፒውተር ማጥፋት ማለት የሆነ ቦታ ከሰል ሳይቃጠል ቀረ ማለት ነው። የኛ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ህዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አይፒሲሲ የሚባለው የተመድ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለውሃ ኃይል ያስቀመጠው መካከለኛ ግምት፣ ግድቡን መገንባቱን ሁሉ ጨምሮ፣ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 24 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የኛን 10 ሺህ በዚህ ስናባዛው በዓመት 240 ኪሎ ይሆናል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ጓሮ እንውረድ። ጓሮ 100 ኬቪኤ (80 ኪሎ ዋት ገደማ) ጀነሬተር አለ፣ መብራት ሲሄድ ራሱ ይነሳል። ቀን ከሆነ ይሁን፣ ሊፍት አለ፣ ሰው አለ፣ ባለጉዳይ አለ። ሌሊት ግን ያልጠፉት ኮምፒውተሮችም መብራት ሲሄድ ስለሚጠፉ ሕንፃው ውስጥ የሚሠራው ነገር ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሰርቨር ሩም ብቻ ነው፣ ከነኤሲው 4 ኪሎ ዋት ቢሆን ነው። ናፍጣውን በጄሪካን የሚቀዱትና ደብተር ላይ የሚጽፉት ጥበቃ ላይ ያሉት ጋሼ ናቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ለማነው? ሰው የለ ምን የለ» አሉኝና ደብተሩን አሳዩኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ 60 ሊትር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ስለዚህ የዛች ሌሊት ከ160 ኪሎ በላይ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ የ31 ኮምፒውተር የዓመት ብክነት 240 ነበር አይደል፣ ጀነሬተሩ ሁለት ሌሊት ሳይሞላው ይጨርሰዋል!

ይሄ ሁሉ ደግሞ ሥራው በዝቶ አይደለም። 80 ኪሎ ዋት የሚችል ሞተር ለ4 ኪሎ ዋት ማስነሳት ከአትክልት ተራ አንድ ፌስታል ቲማቲም ለማምጣት ሲኖትራክ እንደማስነሳት ነው፣ ብረቱን ለማዞር ብቻ ናፍጣውን ይጨርሰዋል። ደህና ሸክም ቢኖረው ከአንድ ሊትር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይወጣ ነበር፣ የኛ የዛን ሌሊት ከአንድ ሊትር ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሰጠን። ባዶውን የሚሠራ ጀነሬተር ደግሞ ናፍጣውን አንጥሮ ስለማያቃጥለው ጭስ ማውጫው እየጠቆረ ሞተሩ ራሱ ይበላሻል፣ ሜካኒክ ጠይቁ። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 የከለከለ አገር ውስጥ፣ በዶላር የሚገባ ናፍጣ ማንም የሌለበት ሕንፃ ጓሮ ሲጨስ ያድራል፣ ወረቀቱ ግን ስለ እትዬ ኮምፒውተር ነው የሚያወራው።

ሰርቨር ሩሙ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። ኤሲው 17 ላይ ነው የተደረገው፣ ማን እንዳደረገው የሚያውቅ የለም፣ ስገባ ጃኬት ደርቤ ነው። ሰርቨር በረዶ ቤት ይፈልጋል የሚል እምነት አለ። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣና ማሞቂያ መሐንዲሶች ማኅበር ከ2008 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው) ወደ ሰርቨሩ የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ችግር የለውም ይላል። አዲስ አበባ ላይ ነን እንግዲህ፣ ኅዳር ላይ ሌሊት ውጪው ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ እኛ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብርድ እንሠራለን። አቧራ የሚይዝ ፊልተር ያለው አየር ማስገቢያና አንድ ማስወጫ ፋን የዓመቱን ብዙ ሌሊት ይሸፍን ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆንን አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ፈረንጅ 27 አለ ብላችሁ ጥጉ ድረስ አትግፉት፣ እኛ 24 ላይ አድርገነው ምንም አልሆነም።

ሰርቨሮቹ ሰባት ናቸው። አንድ በአንድ ስናይ አምስቱ ቀኑን ሙሉ ከአቅማቸው አንድ አስረኛውን እንኳ አይጠቀሙም፣ አንዱ እንዲያውም በጣት አሻራ መግቢያና መውጫ ይመዘግብ የነበረ ሲስተም የተጫነበት ነው፣ ሲስተሙ ከተቀየረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ሰርቨሩ ግን ማንም ና አላለው ሂድ አላለው፣ ይዞራል። አሮጌ ሰርቨር ደግሞ ሥራ ፈትቶም ከሙሉ ፍጆታው ግማሽ አካባቢ ይበላል። ሰባቱን ቨርቹዋል አድርገን (አንድ ማሽን ላይ ብዙ ሰርቨር እንዲሠራ ማድረግ ነው) ሁለት ላይ ሰበሰብናቸው፣ ሸክሙ ከነኤሲው ወደ አንድ ኪሎ ዋት ተኩል ወረደ፣ አሁን እሷን ሌሊቱን የሚሸከም የሊቲየም ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት መብራት የሚቀይር) ተገዝቶ ጀነሬተሩ ማታ አውቶማቲክ እንዳይነሳ ተደረገ። ይሄ ውሳኔ ስምንት ወር ፈጅቷል፣ ስድስቱ ወር ባትሪው «የፅህፈት መሣሪያ ነው ወይስ ቋሚ ንብረት» የሚል ነው።

ይሄን ስል ኮምፒውተር አታጥፉ እያልኩ አይደለም፣ ከአገራችን ሰው ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም፣ ታሪፉም ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ ያቺ የምትባክን ኪሎ ዋት ለሌላ ሰው ምጣድ ትሆናለች። ግን ምክንያቱ ይሄ ነው በሉን፣ ቅጠሉን ተዉት።

ከጀነሬተሩ አጠገብ ስቶር አለ። ለኔ ትልቁ ነገር እዛ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ድጋፍ ወጣ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ በዚህ ምክንያት ትናንት ሲሠራ የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ «አሮጌ» ተብሎ ይወርዳል። አዲስ ይገዛ የሚል ጥያቄ ወዲያው ተዘጋጀ። የላፕቶፕ አምራቾቹ ራሳቸው በሚያወጡት ሰነድ አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው የሚያመጣው ካርቦን በ200 እና በ300 ኪሎ መካከል ነው፣ አብዛኛው ገና ፋብሪካ እያለ የወጣ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ መብራቱ ከውሃ ስለሆነ ሁሉም ማለት ይቻላል የፋብሪካው ነው። ስለዚህ እዚህ አገር አንድ ኮምፒውተርን ሦስት ዓመት መጨመር ማታ ማታ ከማጥፋት በጣም ይበልጣል።

መንገድ ደግሞ አለ። ማይክሮሶፍት ለድርጅት የሴኩሪቲ አፕዴቱን ለመጀመሪያው ዓመት በኮምፒውተር 61 ዶላር ይሸጣል፣ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ለሁሉም አይሆንም፣ ለፋይናንስ ግን ይሁን ምክንያቱም ፒችትሪን ከዊንዶውስ ማላቀቅ ከባድ ነው። መዝገብ ቤትና እንግዳ መቀበያ ያሉት የሚከፍቱት ብሮውዘርና ደብዳቤ ነው፣ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይበቃቸዋል። ሞክረነዋል፣ ያስቸገረን ሊኑክሱ አይደለም፣ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎች ናቸው፣ ስትከፍቷቸው ፊደሉ ምልክት ብቻ ይሆናል፣ ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያነበው የፊደል ሥርዓት) እየቀየርን ነው፣ ያው መቀየሩ አይቀርም ነበር።

ስቶሩ ውስጥ የከረሙትን ደግሞ ቆጠርን፣ 43 ሲፒዩ፣ ሆዳም ሞኒተሮች፣ እና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባለ ባትሪ ሳጥን) በዩፒኤስ ላይ። ከሲፒዩዎቹ 26ቱ ኤስኤስዲና ራም ብቻ ነው የሚፈልጉት። የዩፒኤሶቹ ባትሪ ሊድ (እርሳስና አሲድ ያለበት) ነው፣ አንዳንዱ አብጦ ፈሷል፣ ሲሚንቶው ላይ ነጭ ነጭ ነገር ሠርቷል። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ከወጣ (ቁጥር 425/2010) ዓመታት ሆነው፣ እኛ ጋ ግን ባትሪ ሲያልቅ ወይ ስቶር ይገባል ወይ በአጥር በኩል «ቆራሌው» የሚል ሲያልፍ ይጠራል፣ ቆራሌውም አሲዱን የት እንደሚደፋው የጠየቀ የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

26ቱን ወደ ሥራ ለመመለስ ንብረቱ በሞዴል (በንብረት ማውጫ ቅጽ) ወጪ መሆን አለበት፣ ወጪ ለመሆን ደግሞ የንብረት አወጋገድ ኮሚቴው «ይወገድ» ያለውን ቃለ ጉባኤ መሻር አለበት። ሁለቱ ፈርመዋል። ሦስተኛው ፊልድ ወጥቷል፣ ሰኞ ይመጣል ተብሏል።