እሰይ፣ እንኳን ተጠነቀቁ!

ከአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ልማዶች ሁሉ አንጀቴን የሚበላው ጉልበተኛው ቡድን ደካማው ፊት ሲቆም የሚያድርበት ጭምትነት ነው። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል፤ እነዚህማ ፎጣቸውን ይዘው ነው ሜዳ የሚገቡት።

ኦሃዮ ስቴትን ተመልከቱልኝ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2024 ኮሎምበስ ላይ፣ በገዛ ሜዳው፣ ሚሺጋንን አስተናገደ። እንግዳው አምስቴ ተሸንፎ የመጣ፣ ባለቤቱ አንዴ ብቻ የተሸነፈ። አወራራጆች ልዩነቱን ሃያ ነጥብ ገደማ አድርሰውታል። ጀርማያ ስሚዝን የመሰለ ኳስ ከሰማይ የሚቀልብ ልጅ ደግሞ ሜዳው ዳር ላይ ቆሞ ውርወራ ይጠብቃል። ግን ጨዋ ሰው ጉልበቱን ያሳያል እንዴ? ሚሺጋን ሁለት ግዙፋን የገተረበትን መሃሉን መርጠው፣ በዚያው በር ደጋግመው አንኳኩ። 26 ጊዜ ኳስ ይዘው ሮጡ፣ ያተረፉት 77 ያርድ (ሰባ ሜትር ገደማ) ብቻ። ተመስገን፣ ግንቡ አልተጎዳም!

መቼም በጠንቃቃ ላይ ክፉ አይጠፋም፤ ሁለት ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ ምት) ሳቱ፣ ሁለት ኳስ ተቀሙ። በውርወራ 62 ያርድ ብቻ ያገኘው ሚሺጋን 45 ሴኮንድ ሲቀር በእግሩ መታና 13 ለ 10 አለቀ። ሚሺጋን ሲያሸንፋቸው ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት።

ነገረኞች እዚህ ላይ ሂሳብ ያመጣሉ። ለዘውድ የምታደላ ሳንቲም አንዴ ስትወረወር ጎፈር ብትወድቅ አይገርምም፤ መቶ ጊዜ ብትወረወር ግን ማድላቷ ይታወቅባታል። ስለዚህ በሩጫ ሰዓት እየገደለ ጨዋታውን የሚያሳጥር ጉልበተኛ ለደካማው ዕድል ያበድራል፣ ያውም ያለ ወለድ ይላሉ። ይህን እኔ ልግስና ነው የምለው።

አሥር ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች በመጨረሻው ላይ አንድ ያርድ ሲቀር ኳሷን ለግቶ ለባላጋራ ማስረከብማ ቅድስና ነው። ሦስት ሦስት መቶ ፓውንድ የሚመዝኑ አምስት ወጠምሾች ከፊት ተደርድረዋል፤ ቢሆንም አንድ ያርድ ሩቅ አገር ነው። ደግሞ ለአሰልጣኙም ይበጃል፦ ለግቶ ቢሸነፍ ልጆቹ ተሸነፉ ይባላል፤ ደፍሮ ቢሸነፍ ግን ሽንፈቱ በእሱ ስም ይመዘገባል። ይህን ያህል ደመወዝ እየተከፈለው ስሙን ለአንድ ያርድ ያስይዝ?

ለዚህ ጥበብ አባት ካስፈለገ የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ቡድን አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ከሚሺጋን ስቴት ጋር 10 እኩል ሆኖ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሰዓት እያለ፣ ኳሷን አቅፎ ጨዋታውን አስጨረሰ። በዚያው ዓመት ሻምፒዮንም ተባለ።

ኦሃዮ ስቴት ግን ኋላ ከፋብኝ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ አትላንታ፣ የዋንጫው ጨዋታ፣ ከዚሁ ከኖትርዳም ጋር። 31 ለ 7 ይመራ የነበረው 31 ለ 23 ደርሶበታል፣ ሦስተኛ ሙከራ ነው፣ 11 ያርድ ይቀራል። ያ ጨዋ ቡድን በመሃል ሮጦ፣ ሰዓት ገድሎ፣ ለግቶ ይጸልያል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለዚያው ለስሚዝ 56 ያርድ ወረወረለት! ልጁም ቀለበው። 34 ለ 23፣ ዋንጫ።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ልጆች እያዩ ነበር።