የሰው ጀርባ ፎቶ ለማንሳት ነው ሮም የሄድኩት?

ኧረ በናታችሁ! ስንት ወር ገንዘብ ያጠራቀምኩት ለዚህ አልነበረም። ሮም፣ የጥንቱ አደባባይ ፎረሙ ውስጥ ያለው የሮማው ንጉሠ ነገሥት የቲቶ ቅስት ጋ ደረስኩ። ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተዘረፈው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ወደ 2,000 ዓመት እየተጠጋው ነው፣ እኔም የመጣሁት እሱን ብዬ ነው። ግን ማን ያስጠጋል! አንዱ የሰልፊ ዱላውን ዘርግቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልነቃነቅ አለ፣ ቅርጹን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፣ እሱ ሲሄድ ደግሞ አንዲት አስጎብኚ አርባ ሰው አስከትላ መጣች። በዚህ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ። ውጪው ነጭ፣ መቅረዙ ጨለማ። ማታ ፎቶዎቹን ሳያቸው እንባዬ መጣ። ለሁለት ደቂቃ ዞር ማለት ምን ይከብዳል?